ምንጩ ጋ የምጠይቀው ጥያቄ

ጥቅምት 3

ይድረስ ለአባዬ፣

ከሰላምታዬ በፊት ይቅርታዬን ላስቀድም። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰንብቷል። የስንቅ መኪናው ወደ ከተማ የሚመለሰው ሹፌሩ ደስ ሲለው ስለሆነ መልሴ ዘገየ። የስልኩን ነገር አንተም ታውቀዋለህ፤ እዚህ አፋፍ ላይ የውሃ ታንከሩ ላይ ካልተንጠላጠልኩ አይይዝም፣ ሲይዝም አንተ "አቤት? አቤት?" ስትል ይቋረጣል። ደብዳቤ ይሻለናል። ደብዳቤ ላይ ቢያንስ አትጮህብኝም።

አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ ብቻዬን አይደለም የማድረው፤ ከወጥ ቤቷ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተናል። የክፍሉ ግማሽ የጎማ ጀልባ ማስቀመጫ ስለሆነ ልብሴም ፀጉሬም ጎማ ጎማ ይሸታል። "ዲግሪሽን ይዘሽ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?" ላልከው ግን መልሱ ረዘም ስለሚል ተቀመጥ።

ድርጅታችን መንገደኞችን በጀልባ ወንዙን አስይዞ ያወርዳል። ጉዞው ረጅም ስለሆነ መሀል ላይ ሰው ይቀየራል፤ የበቃው ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። መግቢያውም መውጫውም አንድ ነው፤ ከአፋፉ እስከ ውሃው ገደሉን እየታከከ የሚጠማዘዝ የእግር መንገድ። እኔ ሰው አወርዳለሁ፣ ሰው አወጣለሁ። አንተ ዕድሜህን ሙሉ በሊፍት ያሠራኸውን እኔ በእግሬ እየሠራሁት ነው በለው።

መንገዱ እኩሌታ ላይ ከድንጋይ ሥር የምትወጣ ምንጭ አለች። ወራጆችና ወጪዎች የሚገናኙት እዚያ ነው። ከምንጩ በታች በእጅ እየያዙ የሚወርዱበት ድንጋይ ስለሆነ ምርኩዝ ያሰናክላል፤ ስለዚህ ወራጁ ሁሉ ምርኩዙን ለወጪው ይሰጣል። ማንም ሳይነግራቸው ሁለቱም "በርታ" ይባባላሉ። ሳየው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ምርኩዝ ከመስጠታቸው በፊት ግን እያንዳንዱን ለብቻው አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ "አሁኑኑ ዞረህ የወረድከውን ትወጣለህ?" አፉ ምንም ይበል፣ እኔ የማየው ትንፋሹንና ፊቱን ነው። ካልጣመኝ እመልሰዋለሁ። ከምንጩ በላይ የደከመ ሰው አረፍ እያለ ይወጣል፤ ከምንጩ በታች የደከመ ግን ሸክም ነው። ጀልባ ከገባ ደግሞ መውረጃ የሚያገኘው ከሳምንት በላይ ቆይቶ፣ ሸለቆው ሲያልቅ ነው። እዚህ ስሜ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? "ወይዘሪት ተመለስ"።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ወቅቱ ሲዘጋ፣ በመጨረሻው ጉዞ፣ እያንዳንዳችን አንድ ዘመድ እንድንጋብዝ አለቃችን ፈቅደዋል። በዚያ ጉዞ መቅዘፊያ ይሰጠኛል፣ አባዬ። እስካሁን ውሃው ዳር እየደረስኩ ነው የምመለሰው። ጀልባዎቹ ግድግዳው ጋ ሲታጠፉ አያለሁ፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ምን እንዳለ ግን አላውቅም። በየቀኑ እዚያች መታጠፊያ ላይ ዓይኔን ተክዬ መመለስ እንዴት እንደሚያቁነጠንጥ አልነግርህም።

ና። ከእኔ ጀልባ ፊት ትቀመጣለህ።

እና ደግሞ፣ ሀኪሙ ጋ ሄድክ?

ልጅህ

—

ጥቅምት 14

ለወይዘሪት ተመለስ፣

እመጣለሁ። ይህን መጀመሪያ ላይ ያደረግኩት አንቺ ቸኩለሽ መጨረሻውን ቀድመሽ እንዳታነቢ ነው።

በቀረው እንደምን ከርመሻል? እኔ እንደ ጡረተኛ ነኝ፤ ጠዋት ሥራ ያለብኝ ይመስለኛል፣ ከሰዓት በኋላ እንደሌለ ትዝ ይለኛል።

ሀኪሙ ጋ ሄጃለሁ። ልጅ ነው፣ ካንቺ ጋር ሳይመረቅ አልቀረም። ብዙ አወራኝ፣ አዳመጥኩት። ወደ ሌላው ልለፍ።

የሕንፃችን ሊፍት ከቆመ ሰንብቷል። በገዛ እጄ ተክዬ ስንት ዘመን የጠበቅኩት ሊፍት ነው። አሁን የያዙት ልጆች ግን ጡረተኛ እጁን እንዳያስገባ ብለው ነግረውኛል። አልተቀየምኩም። እኔም በጊዜዬ የማንንም እጅ አላስገባም ነበር። እንግዲህ እስከ አምስተኛ ፎቅ በደረጃ ነው፤ ይኸው ለገደልሽ ልምምድ ሆነልኝ። ጠዋት እወርዳለሁ፣ ዳቦ እገዛለሁ፣ እወጣለሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ልብስ ሰፊዋ በሯን ከፍታ ስለምትሠራ ቆም ብዬ ሰላም እላታለሁ። ጎረቤት ዝም ብሎ አይታለፍም።

ጫማ ምን ዓይነት ልግዛ? ቁጥሬ እንደ ድሮው ነው፣ ግራው ብቻ ማታ ማታ ይጠበኛል።

አባትሽ

—

ጥቅምት 29

አባዬ፣

ጫማውን ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ግዛ፣ አንድ ቁጥር ጨምረህ። ቁልቁለት ላይ ጣት ወደ ፊት ይገፋል፣ ጥፍር ይነቅላል። አሁኑኑ ማድረግ ጀምር፤ አዲስ ጫማ ይዞ የመጣ ሰው እግሩን በፕላስተር ጠቅልሎ ነው ምንጩ ጋ የሚደርሰው።

ግራው ለምን ማታ ማታ ብቻ ይጠብሃል? ያብጣል ማለት ነው? ይህን እንዳትዘለው።

በዚህ ሳምንት ምንጩ ጋ ስለ መለስኩት አንድ ሰው ልንገርህ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፣ ከሚስቱ ጋር የመጣ። ምንጩ ጋ ስጠይቀው "ምን ማለትሽ ነው፣ ልወጣ ነው እንዴ የወረድኩት?" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ጉልበቱ ግን በቆመበት ይንቀጠቀጥ ነበር። አይሆንም አልኩት። ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፣ ስንት ዓመቴ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ኮፍያውን መሬት ላይ ወረወረ። በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ አንድ ጊዜ ትከሻውን ነካ አደረገችውና ምርኩዟን ሰጥታ ወረደች። ቦርሳውን ተሸክሜለት አብሬው ወጣሁ።

ያን ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። ወጥ ቤቷ "አንቺ ልጅ፣ በሕይወት አውጥተሽው ነው እንደ ገደለ ሰው የምትተክዢው?" አለችኝ።

የሰው ፍላጎት ላይ በር መዝጋት ይከብዳል። እኔ ራሴ አንድ ሰው "አንቺ ወደዚያ አታልፊም" ቢለኝ ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ሀኪሙ ያወራልህ ምን ምን ነበር?

ልጅህ

—

ኅዳር 9

ልጄ፣

ጫማውን ገዛሁ። ቤት ውስጥም አደርገዋለሁ፤ የታችኛው ፎቅ ሰው ፈረስ ገዛህ ወይ ብሎኛል።

የዳይሬክተሩ ነገር ለምን እንዳስገረመኝ ልንገርሽ። ገና ወጣት ሠራተኛ ሳለሁ አንድ ሕንፃ ላይ የሊፍቱ የሽቦ ገመድ መላላጥ ጀምሮ አገኘሁት። በዚያው ቀን አንድ ሰው ቤት እየቀየረ ነበር፤ ቁም ሳጥኑ፣ አልጋው፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተደርድሯል። "አይሠራም" የሚለውን ሰሌዳ በሩ ላይ ሰቀልኩ። ሰውየው "ይኸው አሁን ወጥቶ ወርዷል እኮ፣ ምኑ ነው የማይሠራው?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ወጥቶ ወርዷል። የሚቀጥለውን ጊዜ ነበር እኔ የፈራሁት። ይህን ለሰው ማስረዳት አይቻልም። ሰደበኝ። እናቴንም ጨመረ። ቁም ሳጥኑን በደረጃ ሲያወጡ እኔም አንዱን ጫፍ ያዝኩለት፤ እንዳንቺ ማለት ነው።

ስንት ዘመን ያን ሰሌዳ ሰቀልኩ፣ አንድም ሰው አላመሰገነኝም። ስለዚህ ካንተ ምን ተማረች ብለው ቢጠይቁኝ አሁን መልስ አለኝ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኔንም ምንጩ ጋ እንደ ማንኛውም ሰው ጠይቂኝ። አባቴ ነው ብለሽ እንዳታልፊኝ። አላፍርም።

ደረጃው ለምዶኛል። ትናንት ልብስ ሰፊዋን ሰላም ስላት ወንበር አወጣችልኝ፤ እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ተቀመጥኩ። ከትናንት ወዲያም ሰላም ብያት ውሃ ሰጥታኛለች። ዛሬ ደግሞ ሰላም ብላ የጀመረችው እሷ ነች። ደግ ሴት ነች።

አባትሽ

—

ኅዳር 20

አባዬ፣

ቃሌ ነው፤ እጠይቅሃለሁ። እንዲያውም ከሁሉም አጥብቄ።

ከልብስ ሰፊዋ ጋር በአንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ሰላም ተባባላችሁ። ወይ ልታገባት ነው፣ ወይ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሌላውን አልጽፈውም። ብጽፈው እውነት የሚሆን ይመስለኛል።

ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል። የመንሳፈፊያ ሰደሪያህን ራሴ መርጬ አጥቤያለሁ። ጀልባዬ ሁለተኛዋ ናት፣ ጎኗ ላይ ቁራጭ ጎማ የተለጠፈባት። አለቃችን ትናንት ውሃው ዳር አቁመውኝ መቅዘፊያውን አስያዙኝ፤ "ወንዙን አትታገዪው፣ የሚሄድበትን ቀድመሽ እወቂ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ውስጥ እቀዝፋለሁ፤ ወጥ ቤቷ ብርድ ልብሴን ገፈፍሽኝ ብላ ከሳኛለች።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ተደብቆብህ እንዳይቀር። ጀልባዎቹ ማንንም አይጠብቁም። ከሰዓት በኋላ ሸለቆው ውስጥ ነፋስ ስለሚነሳ ከዚያ በፊት መነሳት አለባቸው። የመለስኩትን ሰው ይዤ ወደ አፋፍ ከወጣሁ የእኔን መቅዘፊያ ሌላ ይይዘዋል። ወቅቱም ይዘጋል። ይህን የምነግርህ እንድትፈራ አይደለም፣ ሁሉንም እንድታውቀው ነው። ወይም እኔ ስለፈራሁ ነው። ሌላው መንገድ መሪ፣ ቀጭኑ የምንለው፣ "አባትሽን እኔ ላውርድልሽ፣ የራስን ሰው ዓይን አያይም" አለኝ። እምቢ አልኩት። ዓይኔማ ያያል።

ትንሽ ቦርሳ ብቻ ያዝ። ኮፍያ። መድኃኒት ካለህ፣ መድኃኒትህን።

ልጅህ

—

ኅዳር 27

ልጄ፣

ሐሙስ በስንቅ መኪናው እደርሳለሁ። የፊት ወንበሩን ሹፌሩ ሰጥቶኛል። የጠየቅሽኝን ሁሉ ስንገናኝ በአፌ እነግርሻለሁ። ልብስ ሰፊዋ የኮፍያዬን ማሰሪያ አጥብቃልኛለች፤ ወንዝ እንዳይወስደው ብላ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄ ሥራ ስትሠራ ላይ ነው።

አባትሽ

—

ታኅሣሥ፣ ቀኑ ጠፍቶብኛል

አባዬ፣

ወጣህ?

ይህን ደብዳቤ የሚወስድልኝ የለም። አሸዋ ላይ ተቀምጬ በጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ፤ እስከ ሸለቆው መጨረሻ ድረስ ኪሴ ውስጥ ይቆያል። ቢሆንም ካልጻፍኩ እጄ አያርፍም። ሌላው መንገደኛ እሳት ዙሪያ ይስቃል። እኔ ግን ጀልባዬ መታጠፊያዋን ካለፈች ጀምሮ ያለኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው።

ሁሉንም ጠየቅኩ። ፎቶ አንሺውን፣ ሁለቱን እህትማማቾች፣ የአለቃችንን አጎት ሳይቀር። አንተ ጋ ስደርስ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ክሩ አልተፈታም ነበር። ከንፈርህ መጥቆሩን አይቼዋለሁ፣ አባዬ። ምንጩ ጋ ከመድረሳችን በፊት በየመታጠፊያው ቆመህ ስለ ድንጋዩ ስትጠይቀኝ፣ ድንጋዩን እንዳልፈለግከው አውቄዋለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ልብስ ሰፊ በየመታጠፊያው ተቀምጣ ነበር። ሌላ ሰው ብትሆን ከምንጩ በፊት ነበር የምመልስህ።

ቀና ስል "እንቀጥል" አልኩ። ለአንተ ሳይሆን ለሁሉም እንደማወራ ሆኜ።

ወራጆቹ ምርኩዝ መስጠት ጀመሩ። ከታች የወጣ አንድ ወፍራም ነጋዴ እጁን ዘርግቶ አንተ ፊት ቆመ፤ "አባት፣ በርቱ፣ ምርኩዙን ይስጡኝ" አለህ። አንተ ምርኩዝህን አልሰጠኸውም። "እኔም ካንተ ጋር ወደ ላይ ነኝ" አልከው። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፦ "ሰሌዳውን ሰቅያለሁ። ውረጂ።"

ልከተልህ ነበር። እግሬን አንስቼ ነበር። አንተ ግን መሄድ ጀመርክ፤ ዞር ብለህ እንኳ አላየኸኝም። ዞር ብትል እንደማልቀር ታውቅ ነበር። ወጥ ቤቷ እስከ ምንጩ ልትሸኘን ወርዳ ስለነበር ክንድህን ስትይዝ አየኋት፤ ቀጭኑም ወጪዎቹን ሊመራ ከኋላችሁ ተከተለ። ጀርባህን እስከ መጀመሪያው ጥምዝ አየሁት። ከዚያ ድንጋዩ ጋረደህ።

ወረድኩ። እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም፤ እጄ ላይ ያለው ጭረት ብቻ ነው ምስክሬ።

ወንዙን እንደተመኘሁት አገኘሁት ብልህ እዋሻለሁ፣ አላገኘሁትም ብልም እዋሻለሁ። ከመታጠፊያው ወዲያ ግድግዳዎቹ ይቀራረባሉ፣ ሰማዩ እንደ መቀነት ይቀጥናል፣ ውሃው ዝም ይላል። ዝምታው ነው የሚያስፈራው፤ ከፊት ያለው ጩኸት ከዝምታው በኋላ ነውና የሚመጣው። አለቃችን ከፊተኛዋ ጀልባ "ግራ! ግራ!" ሲሉ ቀዘፍኩ፣ አልተገለበጥንም፣ ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ያን ጊዜ ዓይኔ ከፊቴ ወዳለው ባዶ ወንበር ሄደ። ሰደሪያህን እዚያ አስሬዋለሁ። መንገደኞቹ ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

በሌላው ቀን ደግሞ ደስ አለኝ። ይህን መናገር ያሳፍረኛል፤ አንተ የት እንዳለህ ሳላውቅ ደስ አለኝ። አንዲት ወፍ ውሃውን ልትነካ ምንም ሳይቀራት አብራን በረረች፣ ጀልባዋ እጄ ውስጥ ቀለለች፣ ለጥቂት ጊዜ ጥያቄዬን ረሳሁት። ከዚያ እንደገና መጣ።

አልጠየቅኩህም። ቃሌን በላሁ። ከሁሉም አጥብቄ ብዬህ ነበር።

ወጣህ?

ልጅህ

—

ታኅሣሥ 12

ለልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ጀልባዎቹን ሊጭን ለሚመጣው ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። ከውሃ ስትወጪ ከሁሉም በፊት ይስጥሽ ብዬዋለሁ፤ ሌላ ነገር ካስቀደመ ሪፖርት አድርጊልኝ።

ወጥቻለሁ።

ስንት ሰዓት እንደፈጀ አትጠይቂ። ቀጭኑ ልጅ ትንፋሼን እየሰማ በየጥላው አስቀመጠኝ። ወጥ ቤቷ ስለ ሰው ሁሉ ሐሜት እየነገረችኝ አወጣችኝ፤ ስለ አንቺም ነገረችኝ፣ ብርድ ልብስ ገፋፊ ነሽ አሉ። ነጋዴው ምርኩዝ ስለነሳሁት ሲያጉረመርም ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ቦርሳዬን ራሱ ያዘልኝ። አፋፍ ስንደርስ ማኅበር የገባን ያህል ተዛምደን ነበር። ያንቺ አልጋ ላይ ተኛሁ። እውነትሽን ነው፣ ጎማ ጎማ ይሸታል።

አሁን የዘለልኩብሽን ልመልስ። ሀኪሙ ጥቅምት ላይ ያለኝ ልቤ ደክሟል፣ ዳገት አትውጣ ነው። እግሬ የሚያብጠውም ለዚሁ ነው። አልነገርኩሽም፤ ብነግርሽ ና አትይኝም ነበር፣ እኔ ደግሞ መምጣት ፈልጌ ነበር። ደረጃው ላይ እየበረታሁ የምሄድ መስሎኝ ነበር፤ እየበረታ የሄደው ግን የልብስ ሰፊዋ ወንበር ነው። ከተመለስኩ በኋላ እሷው ይዛኝ ሀኪሙ ጋ ሄድን። ያንኑ ነው የደገመልኝ፣ አሁን ግን መድኃኒቱን በሰዓቱ የምታስውጠኝ ሰው ፊት። ወደፊት ምን እንደሚሆን እሱም አላወቀም። እኔም የሊፍት ሰው ነኝ፣ ገመድ መቼ እንደሚበጠስ ቀኑን ተናግሬ አላውቅም። በልክ ከተያዘ ግን ብዙ ይቆያል።

ስላልጠየቅሽኝ እያዘንሽ እንደምትከርሚ አውቃለሁ። ክርሽ እንዳልተፈታ እኔም አይቻለሁ። አንቺ ገና ልጅ ሳለሽ፣ በራሴ ሕንፃ ላይ፣ አንድ ጊዜ ሰሌዳ መስቀል ሲገባኝ ሳልሰቅል ቀርቻለሁ፤ አንቺ ትምህርት ቤት ረፍዶብሽ "አባዬ ዛሬ ብቻ" ስላልሽኝ። ወጥተሽ ወረድሽ፣ ምንም አልሆንሽም። የራስ ሰው ሲሆን ሁሉም ሰው ክር ያስራል። በዚህ አልከስሽም።

ስለዚህ ያልጠየቅሽኝን ጥያቄ ልመልስልሽ። አሁኑኑ ዞረህ የወረድከውን ትወጣለህ? እዚያች ምንጭ ጋ እግሬን ጠየቅኩት፣ ትንፋሼን ጠየቅኩት፣ "አዎ፣ የወረድከውን ያህል ብቻ" አሉኝ። ያንኑ ወጣሁ። አንዲት እርምጃ ወደ ታች ጨምሬ ቢሆን አልወጣም ነበር።

ዞር ብዬ ያላየሁሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን ግን ስትመጪ ትነግሪኛለሽ፣ በዝርዝር፣ ድንጋዩን ሳይቀር። በዲግሪሽ ሥራ ትፈልጊያለሽ ወይስ በመቅዘፊያሽ፣ ያንን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ አልጠይቅሽም።

ምርኩዙ እኔው ዘንድ ቀርቷል። ቦርሳዬን ነጋዴው ሲይዝልኝ እኔ ምርኩዙን ይዤ መኪና ላይ ወጣሁ፤ አሁን ከበሩ ጀርባ ቆሟል። የመሥሪያ ቤታችሁ ንብረት ነውና ራስሽ መጥተሽ ውሰጂ።

ሊፍቱ ይሠራል።

አባትሽ